ውሃን በውሃ ማሞቅ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ዓባይ ወደ ገደሉ የሚወረወርበትን ስፍራ የአገሩ ሰው ጢስ ዓባይ ይለዋል፤ ጢስ እሳት የሚሉትም አሉ። ይህ ሁለተኛው ስም ከልጅነቴ ጀምሮ ያስገርመኝ ነበር። ውሃን በእሳት ስም መጥራት የባለቅኔ ድፍረት ነውና። ስሙ ከቅኔነቱ አልፎ በሒሳብም እውነት እንደሆነ የገባኝ ግን በቅርብ ጊዜ፣ ያውም በቤታችን የመታጠቢያ ክፍል ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴን የጉልበት ቁርጥማት ከያዛት ወዲህ ቀዝቃዛ ውሃ ጠላቷ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ከደመወዜ ቆጥቤ ባለ 50 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር ገዛሁላት። በዚያን ጊዜ ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው 27 ሳንቲም ገደማ ብቻ ያስከፍሉ ስለነበር ቦይለሩ ሌትና ቀን ቢበራ ልብ ያለው አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. አዲስ ታሪፍ መጣ፤ ብዙ ለሚጠቀም ቤት ዋጋው በየዓመቱ እርከን በእርከን ወጣ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ ተከተለ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የመብራት ሒሳብ ግን ከእኔ ከባንክ ሠራተኛው ቀድማ ይገባታል። አንድ የኅዳር ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ አገኘኋት። ጠጉሯ ርሷል፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

«እማዬ፣ በቀዝቃዛ ታጠብሽ እንዴ?»

«ለብ ብሎ ነበር ልጄ» አለችኝ።

ገብቼ ቧንቧውን ከፈትሁ። ለብ አላለም። የቦይለሩ ማብሪያ ማጥፊያ ጠፍቶ ነበር። ለካስ እኔ ለሥራ ከቤት ስወጣ እያጠፋችው፣ ከመመለሴ በፊት እያበራችው ሳምንታት አሳልፋለች። እኔ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ተቀምጬ የሌላ ሰው ቁጠባ ስመዘግብ፣ የራሴ ቤት ቁጠባ በእናቴ ጉልበት እየተከፈለ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ስለ ሙቅ ውሃ ታሪክ ማንበብና መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያ ጠዋት በኋላ ነው። ጥያቄዬም የባንክ ሰው ጥያቄ ነበር፦ ይህን ሒሳብ ከጥንት ጀምሮ ሲከፍል የኖረው ማን ነው?

በቀደመው ዘመን ሙቅ ውሃ ወይ የነገሥታት፣ ወይ የእግዜር ነበር። ጎንደር ፋሲል ግቢ የገባ ሰው ከአብያተ መንግሥቱ መካከል የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ ያያል፤ የዚያን ቤት እሳት ሲያነድ የኖረውን ሰው ስም ግን የጻፈልን የለም። የእግዜሩ ደግሞ ከምድር የሚፈልቀው ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ደራ ውስጥ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለውን የዋንዛዬን ፍል ውሃ ሕመምተኛው ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ አበባም ብትሆን የፍል ውሃ ልጅ ናት፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ ዋና ከተማችን የት እንደምትሆን እንጃ። በተራው ሰው ቤት ሙቅ ውሃ ማለት በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት ነበር። እሱም በየቀኑ የሚጣድ አይደለም፤ ለአራስ፣ ለሕፃን ገላ፣ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ እግር ነው።

ለዚያ ድስት የባሕር ዳር ማገዶ ከየት ይመጣ እንደነበር ከእናቴ የተሻለ ምስክር የለኝም። እናቴ የዘጌ ልጅ ናት። ዘጌ በጣና ደቡባዊ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ሐይቁ ገባ ያለ ደን ለበስ ምድር ነው። በገዳማቱ ትውፊት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በሬ አይጠመድበትም፤ ከብትም አይረባበትም። ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይኖራል፤ ደኑም እስከ ዛሬ የቆመው ስለዚህ ነው። ቡናው ባልያዘ ዓመት ግን የሚሸጠው እንጨት ነበር። እናቴ ልጅ ሳለች ከአጎቷ ጋር ሌሊት ተነሥታ፣ ማገዶ በተጫነ ታንኳ ለቅዳሜ ገበያ ባሕር ዳር ትመጣ ነበር። ታንኳውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከደንገል የታሰረ ነው፤ ውሃ ስለሚጠጣ ከጉዞ በኋላ ቆሞ ይደርቃል። የተከመረው እንጨት ከታንኳው ይበልጥ ስለነበር ከሩቅ ለሚያይ ሰው እንጨቱ ራሱ የሚቀዝፍ ይመስል እንደነበር ትነግረኛለች። «እንጨቱ ወደ ባሕር ዳር ሄደ፤ እኔም እንጨቱን ተከትዬ መጣሁና ቀረሁ» ትላለች። ባሕር ዳር የገባችበት ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው።

የሚያሳዝነው የሦስት ጉልቻ እሳት ከእንጨቱ ሙቀት አብዛኛውን ለአየር መስጠቱ ነው። ወደ ድስቱ የሚገባው ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ በአሥር ታንኳ ከመጣው የዘጌ እንጨት የዘጠኙ ያህል ሙቀት የሴቶችን ዓይን አስለቅሶ በጭስ ወጥቷል ማለት ነው። (በነገራችን ላይ በባሕር ዳር ከፍታ፣ ማለትም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የኛ ሰው ውሃ ቶሎ ይፈላለታል፤ ሽሮውና ባቄላው ግን አይበስልለትም።)

ከዚያ ኤሌክትሪክ መጣ። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ጀመረ፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ በ1963 ተከፈተ። ለፋብሪካውና ለከተማዋ ኃይል እንዲሰጥ በፏፏቴው ሥር የተተከለው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ደግሞ በ1964 ሥራ ጀመረ። አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ከፏፏቴው በላይ ጥቂት ውሃ በቦይ ይጠለፋል፤ ተርባይኑን አዙሮ ከፏፏቴው በታች ከወንዙ ጋር ይገናኛል። ጭስ የለው፣ አመድ የለው፣ ታንኳ አይጫን። አባቶቻችን ይህን ሲያዩ «በነጻ የመጣ ብርሃን» ቢሉ አይፈረድባቸውም። እኔም ብዙ ዘመን እንዲያው አስብ ነበር።

ነጻ አለመሆኑን በዓይኔ ያየሁት በ1995 ዓ.ም.፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ነው። ትምህርት ቤታችን ፏፏቴውን ሊያሳየን ወሰደን። ከመምህሩ ስንሰማ የከረምነው ምድር የሚያናውጥ ድምፅ፣ ከሩቅ የሚታይ ጭስ፣ በላዩ የተዘረጋ ቀስተ ደመና ነበር። ያየነው ግን ራቁቱን የቀረ ጥቁር አለትና በአንድ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው። አንዱ ጓደኛችን «መምህር፣ ፏፏቴው የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩም በእጁ ወደ ቦዩ አመለከተና «መብራት ሆነ» አለው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ 73 ሜጋ ዋት ነው፤ ከመጀመሪያው ከስድስት እጥፍ በላይ። ውሃው እንዳይቋረጥበትም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቷል። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2003፣ ዝናቡ አንሶ ሳለ ውሃው ለማመንጫው ይለቀቅ ስለነበር የሐይቁ ከፍታ እጅግ ወረደ፤ መርከቦች ለወራት ሥራ አቆሙ። እኛ ልጆች ግን ሐይቁ የሸሸበት መሬት ላይ ኳስ ስለተጫወትንበት ደስ ብሎን ነበር። ያን ደስታ ሳስታውስ ዛሬ አፍራለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። የግጥም ወዳጅ የሆነው አንባቢዬ ቁጥር ቢያስጠላው ትንሽ ይታገሠኝ፤ ቁጥሩም ቢሆን ግጥም አያጣም።

እ.ኤ.አ. በ1847 ጄምስ ጁል የተባለ የእንግሊዝ ጠማቂ፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የፊዚክስ ተመራማሪ፣ ለጫጉላ ሽርሽር ወደ አልፕስ ተራሮች ሄደ። በዚያ መንገድ ያገኘው ሊቁ ዊልያም ቶምሰን በኋላ እንደተረከው፣ ሙሽራው ቴርሞሜትር ይዞ የፏፏቴ ውሃ ሊለካ እየሄደ ነበር። ጁል ያመነው ነገር ቀላል ነው፤ የሚወድቅ ውሃ የመውደቁ ጉልበት ከታች ሲደርስ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ስለዚህ የፏፏቴው ግርጌ ከራስጌው ጥቂት ሊሞቅ ይገባዋል። የዓባይ ፏፏቴ ቁመት 45 ሜትር ገደማ ነው። በጁል ሒሳብ ከታች የሚደርሰው ውሃ ከላይኛው የሚሞቀው በአንድ አሥረኛ ዲግሪ ብቻ ነው። ጢስ እሳት! እሳቱስ በእርግጥ አለ፤ ግን ምን ያህል ትንሽ ነው።

አሁን ገልብጡት። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ፣ አንዳች ኃይል ሳይባክን እንኳ፣ 380 ሊትር ያህል ውሃ ከዚያ ገደል መውደቅ አለበት። የእናቴን ባለ 50 ሊትር ቦይለር አንድ ጊዜ ለማሞቅ 19,000 ሊትር፤ ይህም በየጣሪያችን ከምናየው ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አሥራ ዘጠኙ ማለት ነው። ለአንድ ሰው ገላ! ሌላም አሰላሁ። የተለመደው ቦይለር 1,500 ዋት ይስባል ብንል፣ 7,600 ቤቶች በአንድ ምሽት አብረው ቢያበሩ ያ ፋብሪካና ከተማ ያንቀሳቀሰው የ1964ቱ ማመንጫ ያልቃል። ቦይለር ደግሞ ማንም ሳይታጠብበት ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛልና ደጋግሞ ይበራል። ይህን ሒሳብ የሠራሁት በመሥሪያ ቤቴ ወረቀት ጀርባ ነው። ስጨርስ ለጓደኛዬ አሳየሁት፤ «ስሕተት ይኖርብሃል» አለኝ። ሦስት ጊዜ ደገምነው። ስሕተት የለበትም።

እርግጥ ነው፣ ዛሬ የቤታችን መብራት ከጢስ ዓባይ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ በአንድ መረብ ተሳስሯል። ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና በለስ ማመንጫ የሐይቁን ውሃ በኩንዝላ በኩል በዋሻ ወስዶ ከ300 ሜትር በላይ ስለሚጥለው፣ ከአንድ ሊትር ውሃ የሚያገኘው ጉልበት ከጢስ ዓባይ እጅግ ይበልጣል፤ ዋናው ሥራም ወደዚያ በመዞሩ የድሮዎቹ ጣቢያዎች ጫና ቀለለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም አለ። «ታዲያ ይህ ሁሉ ኃይል እያለ ለአንድ ቦይለር ምን አንገበገበህ?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፤ ከሀገራችን ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው እስካሁን መብራት አላገኘም። በ2001 ዓ.ም. መብራት በተራ ሲታደል ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በሻማ ያጠናሁ ሰው ነኝና፣ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለአንድ ተማሪ ስንት ሌሊት እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ብርሃን ለማጠቢያ ውሃ ማንደድ ሐር ቀዶ ጆንያ እንደመጣፍ ይመስለኛል።

ወደ ፀሐይ ያዞረኝ ይህ ነው። የሚገርመው፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ክላረንስ ኬምፕ ጥቁር የተቀቡ የውሃ ጋኖችን በባለ መስታወት ሣጥን ውስጥ አኑሮ በፀሐይ የሚያሞቅ ዕቃ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ እኛ ከዓድዋ ገና አምስት ዓመት ይቀረናል። የኬምፕ ውሃ ሌሊት ይቀዘቅዝ ነበር። በ1909 ዊልያም ቤይሊ የተባለ ሌላ ሰው ጋኑን ከማሞቂያው ለይቶ፣ እንዳይቀዘቅዝ አልብሶ፣ ከበላዩ ሰቀለው። የሞቀው ውሃ ስለሚቀል በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በምትኩ ይወርዳል፤ ሞተር አያሻም። ዛሬ በከተማችን ሆቴሎችና ቤቶች ጣሪያ ላይ የምናየው ሶላር የዚህ የልጅ ልጅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የፍራንክ ሹማን ታሪክ ነው። ይህ የፊላዴልፊያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ከካይሮ አጠገብ፣ ማዓዲ በሚባል ስፍራ፣ እያንዳንዳቸው 62 ሜትር የሚረዝሙ አምስት ጎድጓዳ መስታወቶች ተከለ። መስታወቶቹ የፀሐይን ብርሃን ሰብስበው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለውጣሉ፤ እንፋሎቱ ሞተር ያዞራል፤ ሞተሩ ከዓባይ ውሃ ስቦ እርሻ ያጠጣል። አስተውሉ፤ ያ ውሃ በአብዛኛው ከእኛ አገር የሄደ ነው። ከደጃችን በወጣው ውሃ ዳር ቆሞ ፀሐይን ሥራ ያሠራ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ነበረ። በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ቀጥሎ ነዳጅ ረከሰ፤ መስታወቶቹም ፈረሱ። ከነዳጅ ቀውስ በኋላ እንደገና ወደ ፀሐይ የተመለሱ አገሮች አሉ፤ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1980 አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲኖረው በሕግ ደነገገች። እኛ ከእሷ ይልቅ ለምድር ወገብ የቀረብን ነን።

ለእናቴ ሶላሩን ለማስረዳት ስሞክር ሹማንም ቤይሊም አልጠቀሙኝም። የጠቀመኝ ፔርሙዝ ነው። የጣሪያው ሶላር የብርጭቆ ቱቦዎች ልክ እንደ ፔርሙዝ ሁለት ግድግዳ አላቸው፤ በሁለቱ መካከል አየር የለም፤ ስለዚህ የገባው ሙቀት መውጫ ያጣል። ፔርሙዝን የወለደው ጄምስ ዲዋር እ.ኤ.አ. በ1892 የሠራው ዕቃ ነው። እናቴ ስለ ዲዋር ምንም አልጠየቀችም። የጠየቀችው ሌላ ነው።

«ፀሐይዋ ቆጣሪ የላትም?»

«የላትም እማዬ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን እንጠብቅ ነበር?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እርግጥ ዕቃው በአንድ ጊዜ የሚጠይቀው ገንዘብ ከቦይለር ብዙ ይበልጣል፤ ለወር ደመወዝተኛ ትልቁ መሰናክል ይህ ነው። እኔም ተበድሬ ነው የገዛሁት። ቦይለር ሲገዙት ርካሽ ሆኖ ዕድሜ ልኩን ይበላል፤ ሶላር የሚበላው አንድ ቀን፣ በመጀመሪያው ቀን ነው። ይህን ለሌላ ደንበኛ በየዕለቱ የማስረዳ ሰው ለራሴ ለማስረዳት አሥር ዓመት ገደማ ፈጀብኝ።

ባለ 150 ሊትር ሶላር ባለፈው ታኅሣሥ ተገጠመ፤ አገጣጠሙም ያለ ጣጣ አላለፈም። የመጣው ሠራተኛ ቱቦዎቹን ጠዋት ደርድሮ ምሳ ሄደ። ባዶ ቱቦ በፀሐይ ላይ ሰዓታት ሲቆይ እንደ ምጣድ ይግላል። ሲመለስ በግለቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቀበት፤ ሁለቱ ቱቦዎች ጧ ብለው ተሰነጠቁ። እናቴ ጥይት መስሏት ወደ ቤት ሮጠች። ዘመኑ የሚያስደነግጥ ነውና አልሳቅሁባትም። ውሃ መሞላት ያለበት በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሆኑን በሁለት ቱቦ ዋጋ ተማርን። ሮቶውም ከሶላሩ ከፍ ብሎ መቀመጥ ነበረበትና ብረቱን ዳግመኛ አስበየድን። አቅጣጫውን ወደ ደቡብ አደረግነው፤ ለባሕር ዳር የዓመቱን ትልቁን ክፍል ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለችና። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ በዚያው ወራት ደግሞ ክረምቱ ይገባል።

በማግሥቱ ማታ እናቴ ታጠበች። ቧንቧውን ከፍታ እጇን አስገባችና ወዲያው መለሰችው፤ አቃጥሏት ነበር። ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ስትወጣ በጉልበቷ ላይ ስላደረገችው ብዙ ነገር ነገረችኝ፤ ጎረቤታችን አራስ ስለሆነች ሙቅ ውሃ በባልዲ እንድወስድላትም አዘዘችኝ። ከዚያች ዕለት ወዲህ ባልዲው ሥራ አልፈታም።

በክረምት ሶላሩ ይደክማል። ውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለውና ሰማዩ ለተከታታይ ቀናት ሲጨልም እንጠቀምበታለን። በዚህ ዓመት ሐምሌና ነሐሴ ያበራንባቸውን ቀናት ባንኩ በሰጠኝ የግድግዳ ካሌንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ እያከበብሁ መዘገብሁ፤ አሥራ ሰባት ሆኑ። እናቴ ግን አሁንም ከመተኛቷ በፊት በኮሪደሩ በኩል ታልፍና ማብሪያ ማጥፊያውን በእጇ ዳብሳ ታረጋግጣለች።

«ጠፍቷል እኮ እማዬ።»

«አውቃለሁ» ትላለች፤ ደግማም ትዳብሰዋለች።